በፖሙ ውስጥ ያለው ትል የማን ልጅ ነው?

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጎን ለጎን የተተከሉ ጥቂት የፖምና የኮክ ዛፎች አሉኝ። ባለፈው የፍሬ ወቅት ፖሞቹን ስቆርጥ በብዙዎቹ ውስጥ ሮዝ ቀለም የነካው ነጭ ትል አገኘሁ። የፖም የእሳት እራት እጭ መሆን አለበት ብዬ፣ ወንዱን የሚስብ ሽታ የተነከረበት ወጥመድ ገዝቼ ሰቀልኩ። ወጥመዱ ወቅቱን ሙሉ ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ከረመ፤ ፍሬው ግን መበላቱን አላቆመም። አንድ ወዳጄ ሁኔታውን ሰምተው፣ ትሉ ከኮኩ የተሻገረ ሌላ ዝርያ ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። ከፖሙም ከኮኩም ያወጣኋቸውን ትሎች ጎን ለጎን አድርጌ ባያቸው ልዩነት አላገኘሁባቸውም። በምን ልለያቸው እችላለሁ? ሁለቱም ፍሬ የሚያበላሹ ትሎች ከሆኑስ መለየቱ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ የወዳጅዎ ጥርጣሬ እውነት ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ምስክርም ያው ባዶውን የከረመው ወጥመድዎ ነው። ወጥመዱ ለምን ባዶ እንደቀረ ለመረዳት ግን አስቀድሞ ሁለቱን ነፍሳት ማስተዋወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው በሳይንሳዊ ስሙ ሲዲያ ፖሞኔላ የሚባለው የፖም የእሳት እራት ሲሆን፣ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ስም ካወጣላቸው ነፍሳት መካከል ይገኛል። ሁለተኛው የምሥራቅ ፍራፍሬ የእሳት እራት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ግራፎሊታ ሞሌስታ ነው፤ ይህን የሰየመው ኦገስት ቡስክ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1916 ነው። ሁለቱም ቶርትሪሲዴ ከሚባለው ቤተሰብ፣ በቤተሰቡም ውስጥ ከአንድ ነገድ የሚመደቡ በመሆናቸው የአጎት ልጆች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስማቸውን ስንመለከት፣ ፖሞኔላ ፍሬ የሚል ትርጉም ካለው የሮማይስጥ ቃል የወጣ ሲሆን እኛ ፖም የምንለውም ከዚያው ሥር የመጣ ነው፤ ሞሌስታ ደግሞ በዚያው ቋንቋ አዋኪ፣ አስቸጋሪ ማለት ነው። ከልምዴ እንደማየው ሁለተኛው ስም በትክክል የተሰጠ ነው።

የፖሙ የእሳት እራት ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥቶ ከፖም ዛፍ ጋር ዓለምን ሊያዳርስ ጥቂት ቀርቶታል። የምሥራቁ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ መነሻው ምሥራቅ እስያ ሲሆን በሰሜን አሜሪካ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ነው። የቀድሞ ቤቱ ኮክና እንደ ኮክ አንድ ጠንካራ ፍሬ በመሐላቸው የያዙ ዘመዶቹ ናቸው፤ ፖም፣ ፒርና ኩዊንስ ግን ፈጽሞ አይቀሩትም። በተለይ የኮክና የፖም ዛፎች በተቀራረቡበት ቦታ፣ የኮኩ ቀንበጥ እየጠነከረና ፍሬው እየተለቀመ ሲሄድ ወደ ፖሙ መሻገሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ "ትሉ የወጣው ከፖም ነውና የፖም የእሳት እራት ነው" የሚለው አባባል የተሰበረ ሚዛን ነው፤ ዛፉ የትሉን ስም አይነግርዎትም።

ክንፍ ያወጣውን የእሳት እራት ካገኙ መለየቱ ቀላል ነው። የፖሙ የእሳት እራት ክንፉን አጥፎ ሲያርፍ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ የፊት ክንፉ ግራጫ ሆኖ ስስ ሞገድ መሳይ መስመሮች ያቋርጡታል፣ በጫፉም ላይ ብርሃን ሲያገኘው እንደ መዳብ የሚያብረቀርቅ ጠቆር ያለ ቡናማ ምልክት አለ። የምሥራቁ ከዚህ በግማሽ ያህል ያንሳል፤ መልኩም ጥቁር ያዘለ ግራጫ ሲሆን የመዳቡ ምልክት የለውም። ችግሩ እነዚህን ነፍሳት በክንፋቸው የሚያያቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። በወጥመድ ሙጫ ላይ ሁለት ሳምንት የቆየ የእሳት እራት የክንፉ ቅርፊት ረግፎ ስለሚገኝ፣ መዳብም ይኑረው ግራጫ ለመናገር ያስቸግራል።

ትሎቹን ጎን ለጎን አድርገው ልዩነት ማጣትዎ ከአስተዋይነት ጉድለት የመጣ አይደለም። ሁለቱም ገና ሲፈለፈሉ ነጭ ገላና ጥቁር ራስ አላቸው፤ ሲጎለምሱም ሁለቱም ሮዝ ቀለም የነካው ነጭ ሆነው ራሳቸው ቡናማ ይሆናል። ቁመታቸው ይለያያል፤ ለአካለ መጠን የደረሰው የፖሙ ትል ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ሲደርስ የምሥራቁ ከ10 እስከ 13 ሚሊሜትር ላይ ይቆማል። ነገር ግን ዕድገቱን ያጋመሰ የፖም ትልና ዕድገቱን የጨረሰ የምሥራቅ ትል እኩል ስለሚሆኑ፣ በቁመት ብቻ የሚፈርድ ሰው መሳሳቱ አይቀርም። በቀለም የሚፈርድማ ከዚያም ይብስበታል።

የማይዋሸው ምልክት ያለው በትሉ ጅራት ላይ ነው። የምሥራቁ ትል በመጨረሻው የሰውነቱ ክፍል ላይ፣ ከፊንጢጣው በላይ፣ ጥቁር ማበጠሪያ የምትመስል ጥቃቅን ጥርሶች ያሏት አካል አለችው፤ ጥርሶቹ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ይሆናሉ። ትሉ ዕዳሪውን ከአካባቢው አስፈንጥሮ የሚጥልባት መሣሪያ ናት። የፖሙ የእሳት እራት ትል ይህች ማበጠሪያ ፈጽሞ የለችውም። ለማየት ከ10 እስከ 20 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ይበቃል፤ ትሉን ለጥቂት ጊዜ በሙቅ ውኃ ውስጥ ካቆዩት በኋላ በወረንጦ ይዘው ከጅራቱ በላይ ቀስ አድርገው ሲጫኑት ማበጠሪያዋ ብቅ ትላለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ትሎች ትዕግሥትን ይፈትናሉ፤ ዓይን አንዴ ከለመዳት በኋላ ግን አትጠፋም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር አለብኝ። ማበጠሪያው አለመኖሩ ከእነዚህ ሁለቱ መካከል የምሥራቁን ያስወጣል፤ መኖሩ ግን ትሉ የፖሙ የእሳት እራት አለመሆኑን እንጂ የግድ የምሥራቁ መሆኑን አያረጋግጥም። ግራፎሊታ በሚባለው ወገን ውስጥ ማበጠሪያ ያላቸው ሌሎችም ስላሉ ፍርዱን ለመጨረስ ትሉ የት እንደበላና ምን እንደተወ አብሮ መታየት አለበት።

ፖሙን ከአናቱ እስከ ታቹ ለሁለት ይክፈሉትና የዘር ቤቱን ይመልከቱ። የፖሙ የእሳት እራት ትል ፍሬው ውስጥ ሲገባ ዓላማው ዘሩ ነው፤ ቀጥ ባለ ጎዳና ወደ መካከል ይወርድና የዘር ቤቱን ሰብሮ ዘሮቹን ይበላል። በመግቢያው ወይም በመውጫው ቀዳዳ አፍ ላይም ሰጋቱራ የሚመስል ቡናማ ዕዳሪ ተከምሮ ይታያል፤ በፍሬው የታችኛው እምብርት በኩል ይህን ክምር ያየ ሰው ፍሬውን ሳይቆርጥ ብዙውን ጊዜ ሊገምት ይችላል። የምሥራቁ ትል ግን ከዘሩ ይልቅ ሥጋውን ይመርጣል። በፍሬው ዙሪያና በዘር ቤቱ አጠገብ እየተጠማዘዘ ይንሸራሸራል፤ ዘሮቹን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካቸው ያልፋል። ዘሮቹ ሙሉ ሆነው ሥጋው ብቻ በጠመዝማዛ መንገድ የተቦረቦረ ፖም ካገኙ፣ ጅራቱን ለማየት መነጽርዎን ያውጡ።

ከሁሉ በላይ ግን የምሥራቁን የሚያጋልጠው ቀንበጥ ነው። የፖሙ የእሳት እራት የፍሬ ባለሟል ነው፤ ፍሬ በሌለበት ዛፍ ላይ ሥራ የለውም። የምሥራቁ ሁለት ቤት አለው። በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ፍሬው ገና ሳይጎለብት፣ ትሉ በኮኩ ለጋ ቀንበጥ ጫፍ በኩል ይገባና የመካከሉን ለስላሳ ክፍል እየበላ በርከት ያለ ሴንቲሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ቀንበጡም ጫፉ ይጠወልግና እንደ ተንጠለጠለ ባንዲራ ይዘነበላል፤ ከዚያም ይደርቃል፣ ከተቦረቦረበት ቦታም አንዳንድ ጊዜ ሙጫ ይፈስሳል። አንዱ ቀንበጥ ሲያልቅበት ወደ ሌላው ስለሚሻገር አንድ ትል ከአንድ በላይ ቀንበጥ ያበላሻል። ኋላ ቀንበጦቹ ሲጠነክሩበት ፊቱን ወደ ፍሬው ያዞራል። በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ነገር ኮክ አምራቾችን በጣም የሚያስመርር ነው፤ በፍሬው እንጨት በኩል፣ ማለትም ፍሬው ከቅርንጫፉ በተያያዘበት ቦታ ይገባና ከውጭ ምንም ምልክት አይተውም። መልከ መልካም ኮክ ለሁለት ሲከፈል ትሉ ከጠንካራው ፍሬ አጠገብ ተጋድሞ ይገኛል።

አሁን ወደ ወጥመድዎ እንመለስ። በወጥመድ ላይ የሚሰቀለው መሳቢያ ሴቷ ወንዱን የምትጠራበት ሽታ፣ ፌሮሞን፣ በሰው እጅ ተሠርቶ ነው። የፖሙ የእሳት እራት ሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 የተለየ ሲሆን ኮድሌሞን ይባላል፤ በኬሚካዊ ባሕርይው አልኮል ነው። የምሥራቁ ሽታ ዋነኛ ክፍል ከአልኮል ወገን ሳይሆን አሴቴት ከሚባለው ወገን ነው፤ ከእሱም ጋር ሌሎች ጥቂት ቅመሞች በመጠን ይቀላቀላሉ። ሁለቱም ባለ 12 ካርበን ሰንሰለት ያላቸው የቅርብ ዘመዳሞች ቢሆኑም፣ ለወንዶቹ ግን ልዩነቱ በአማርኛና በማያውቁት ቋንቋ መካከል እንዳለው ያህል ነው። የፖሙን ጥሪ የሰማ የምሥራቅ ወንድ አይመጣም። ስለዚህ ወጥመድዎ አልተበላሸም፤ በአጥርዎ ውስጥ ያልነበረን እንግዳ ሲጠራ ከረመ።

ይህ ራሱ መለየቱ ምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄዎ ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ጊዜ ነው። ሁለቱም ትሎች ከተፈለፈሉ በኋላ ፍሬው ወይም ቀንበጡ ውስጥ ለመግባት ረጅም ጊዜ አይወስዱም፤ ገብተው ካደሩ የሚረጨው ነገር ምንም ይሁን ምን አያገኛቸውም። መርጨት የሚጠቅመው በመፈልፈያቸው ሰሞን ነው፤ ያን ሰሞን ለማወቅ ደግሞ የሙቀት ድምር ይሰላል፤ ይህም የዕለቱ አማካይ ሙቀት ነፍሳቱ ማደግ ከሚጀምሩበት ሙቀት የሚበልጥበት ዲግሪ እንደ ነጥብ ተቆጥሮ በየቀኑ ሲደመር ማለት ነው። የፖሙ የእሳት እራት ዕድገት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንደሚቆም ተደርጎ ይታሰባል፤ የምሥራቁ ግን ከ7 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ካለ ጀምሮ ያድጋል። የዕለቱ አማካይ ሙቀት 13 ዲግሪ ቢሆን የፖሙ በመዝገቡ 3 ነጥብ ሲያስገባ የምሥራቁ ወደ 6 የሚጠጋ ያስገባል። የፖሙ እንቁላል መፈልፈል የሚጀምረው ወንዶቹ በወጥመድ ላይ በተከታታይ መታየት ከጀመሩበት ቀን አንስቶ ወደ 140 የሚጠጋ ነጥብ ሲሞላ ነው፤ አማካዩ 18 ዲግሪ ከሆነ በቀን 8 ነጥብ ስለሚጠራቀም ይህ 17 ወይም 18 ቀን ይሆናል። በምሥራቁ ላይ ይህን ቁጥር እንዳለ መጠቀም አይቻልም፤ መነሻውም ድምሩም ሌላ ነው። በአንድ ወቅት የሚያፈራው ትውልድም ይበዛል። የፖሙ በቀዝቃዛ አገር አንድ፣ በሞቃት አገር ሦስት ወይም አራት ትውልድ ሲኖረው፣ የምሥራቁ በሞቃት አገር እስከ ስድስት ሊደርስ ይችላል። የኋለኞቹ ትውልዶች እርስ በርስ ስለሚደራረቡ፣ በወቅቱ መጨረሻ እንቁላልም ትልም ክንፋምም በአንድ ዛፍ ላይ በአንድ ቀን ይገኛሉ። ስለዚህ በምሥራቁ ላይ የመጀመሪያውን ትውልድ ያመለጠው ሰው ቀሪውን ወቅት ሲያሳድደው ይከርማል።

መድኃኒቱም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። የፖሙን የእሳት እራት የሚገድል፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በሜክሲኮ ከታመሙ ትሎች የተገኘ፣ ግራኑሎቫይረስ የሚባል የነፍሳት ቫይረስ አለ፤ ሰውንም ንብንም ስለማይነካ ብዙ አትክልተኞች ይመርጡታል። በፖሙ ትል ላይ ኃይለኛ የሆነው ይህ ቫይረስ በምሥራቁ ላይ ግን እጅግ ደካማ ነው። ትሉን ሳይለይ ይህን ቫይረስ የረጨ ሰው መድኃኒቱ አይሠራም ብሎ ቢያማርር አልፈርድበትም፤ የተሳሳተው ግን መድኃኒቱ አይደለም።

የአገሮች ጉዳይም አለበት። ብራዚል የፖሙን የእሳት እራት እ.ኤ.አ. በ1991 በደቡብ ግዛቶቿ አገኘችው፤ በአራት ከተሞች ውስጥ ባሉ የጓሮ ዛፎች ላይ ተወስኖ ስለነበር ዛፎቹን በመንቀልና በመተካት አሳድዳ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአገሯ መጥፋቱን አወጀች። የምሥራቁ ግን በዚያው አካባቢ በፖም እርሻዎች ውስጥ ዛሬም ዋነኛ ተባይ ነው። በአንድ ፖም ውስጥ የተገኘ አንድ ትል የማን ልጅ መሆኑ በእንዲህ ያለ ቦታ የሚወስነው የአንድን ሰው ፍሬ ዕጣ ብቻ አይደለም።

ለእርስዎ የምመክረው ይህ ነው። በሚመጣው ወቅት መጀመሪያ ከፖሙ ወጥመድ በተጨማሪ የምሥራቁን ሽታ የያዘ ሌላ ወጥመድ በኮኩ ላይ ይስቀሉ፤ ሁለቱን መሳቢያዎች በአንድ ጓንት አይንኩ፣ ሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባልና። የኮኩን ቀንበጦች በየሳምንቱ ይመልከቱ። ዛፎችዎ ጥቂት ስለሆኑ፣ በትልልቅ እርሻዎች የሚሠራበትን ሽታ በመበተን ወንዶችን ግራ የማጋባት ዘዴ አልመክርዎትም፤ በትንሽ ቦታ ላይ ከአጥር ውጭ ተገናኝተው የመጡ ሴቶች እንቁላላቸውን ከመጣል የሚያግዳቸው ነገር የለም። ከዚያ ይልቅ ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ በወረቀት ከረጢት መሸፈን ሥራው አድካሚ ቢሆንም ሁለቱንም ይከላከላል፤ ከረጢት የትኛው የአጎት ልጅ እንደመጣ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ እኔ የገጠመኝ ከዚህ ተቃራኒው ነው። በኮክ ዛፌ ላይ የሰቀልኩት የምሥራቅ ፍራፍሬ የእሳት እራት ወጥመድ በየሳምንቱ ይሞላል፤ ቀንበጦቹም ኮኮቹም ግን ንጹሕ ናቸው። አጠገቡ የፕለም ዛፎች አሉ። ወጥመዱ ያጋንናል ማለት ነው?

መልስ፦ ወጥመዱ አያጋንንም፤ ሌላ ዘመድ እየያዘ ነው ብዬ እገምታለሁ። ግራፎሊታ ፉኔብራና የተባለው የፕለም የእሳት እራት ከምሥራቁ ጋር የሽታውን ዋነኛ ክፍል ይጋራል፤ ስለዚህ የአንዱ መሳቢያ የሌላውን ወንዶች ይጠራል። በመጀመሪያው መልስ ውስጥ የተነገረው የቋንቋ ልዩነት በእነዚህ ሁለቱ መካከል እስከ ቀበልኛ ልዩነት ድረስ ጠብቧል ማለት ነው። ክንፋሞቹ በመጠንም በመልክም እጅግ ስለሚቀራረቡ በዓይን መለየት የማይታሰብ ነው፤ ባለሙያዎችም እንኳ የወንዱን የመራቢያ አካል አውጥተው በማይክሮስኮፕ ሳያዩ አይፈርዱም። የትሎቻቸውም ጅራት ማበጠሪያ ስላለው መነጽሩ አይረዳዎትም። የሚረዳዎት የወደቀ ፕለም ነው። ከዛፉ ሥር ያለጊዜያቸው የቀሉና የረገፉ ፕለሞችን ሰብስበው ይክፈቱ፤ ሮዝ ትል ካገኙባቸውና የኮኩ ቀንበጥ ያልተነካ ከሆነ፣ በወጥመድዎ ላይ የተደረደሩት የፕለሙ ልጆች ናቸው። ኮኩን ከመርጨትዎ በፊት ይህን እንዲያረጋግጡ እለምንዎታለሁ፤ ባልተነካ ዛፍ ላይ የሚረጭ መድኃኒት የሚገድለው ተባዩን የሚበሉትን ነፍሳት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በግንዱ ላይ ካርቶን መጠቅለል ሁለቱንም ትሎች ይይዛል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ለፖሙ እውነት ነው፣ ለምሥራቁ በከፊል ነው። የፖሙ ትል ጠግቦ ከፍሬው ሲወጣ የሐር ልባሱን የሚሠራበት ስንጥቅ ፍለጋ በግንዱ ላይ ይሄዳል፤ ሸንተረሩ ወደ ግንዱ የዞረ ካርቶን ካገኘ እዚያ ይገባል። ቅርፊቱ ለስላሳ በሆነ ዛፍ ላይ ሌላ መደበቂያ ስለሌለው ዘዴው የበለጠ ይሠራል። ይሁን እንጂ ካርቶኑ በየጊዜው እየተፈታ መቃጠል አለበት፤ ከአንድ ትውልድ በላይ በሚኖርበት አየር ንብረት የተረሳ ካርቶን የትሎች ማሳደጊያ ይሆናል። ከምሥራቁ ትሎች ግን ብዙዎቹ በቅርንጫፎች መጋጠሚያ፣ በደረቀ ፍሬ ወይም በመሬት ላይ ባለ ቅጠል ውስጥ ስለሚደበቁ ካርቶኑ ብዙዎቹን ያልፋቸዋል። እነርሱን ለመያዝ የጠወለገውን ቀንበጥ ገና ሳይደርቅ፣ ከጠወለገበት በታች፣ መካከሉ ቡናማ ያልሆነ እንጨት እስኪታይ ድረስ መቁረጥ ይሻላል፤ የደረቀ ቀንበጥ ብዙ ጊዜ ትሉ ለቆት የሄደ ባዶ ቤት ነው። የተቆረጠውንና ከዛፉ ሥር የረገፈውን ፍሬ ሁሉ በዚያው ቀን አንሥተው አፉ በታሰረ ፕላስቲክ ከረጢት ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ በብስባሽ ክምር ላይ የተጣለ ፍሬ ውስጥ ያለ ትል ዕድገቱን ጨርሶ መውጣት ይችላል።